ተቀባዮቹን ስሙ

የሶል ዘፋኝን በድምፁ ጉልበት የሚመዝን ብዙ ነው። ጉልበትማ ከብዙዎች ጉሮሮ ይገኛል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ዘፋኙ ዘፈኑን የራሱ አድርጎታል ወይ? ለዚህ መለኪያ ከአሪታ ፍራንክሊን «ሪስፔክት» የሚሻል አላውቅም፤ ዘፈኑ መጀመሪያ የእሷ አልነበረምና።

ደራሲው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያወጣው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ነበር ክብር የሚጠይቀው። ከዚህኛው ጀምሩ፤ ደካማ ሥራ እንዳይመስላችሁ። የሜምፊሶቹ የስታክስ ሙዚቃ ቤት ተጫዋቾች ምቱን እየገፉ ይሮጣሉ፣ ኦቲስም አብሯቸው እየቸኮለ ይማጸናል።

አሪታ የካቲት 1967 ኒው ዮርክ በአትላንቲክ ስቱዲዮ ስትቀዳው ጠያቂዋ ሴት ሆነች። ልመናውም ቀረ፤ የምትናገረው የራሷን ዋጋ እንደምታውቅ ሰው ነው።

አሁን እሷን ለጊዜው ተዉአትና ተቀባዮቹን ብቻ ተከተሉ። እህቶቿ ካሮሊንና ኤርማ ከኋላ ማድመቂያ ሆነው አልቆሙም፤ ይገፋፏታል፣ ያሾፋሉ፣ ቃሏን ሳትጨርስ ይቀልቧታል። ይህ ልማድ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ አባቷ ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በዲትሮይት ስመ ጥር ሰባኪ ነበሩ፣ ምእመኑም ስብከቱን በዝምታ አይሰማም። የማንንም ሶል ስትመዝኑ ተቀባዮቹን በሐሳባችሁ አውጧቸው፤ ዘፈኑ ምንም ካልጎደለበት ቅንብሩ ሰንፏል።

ድራሙን የሚመታው ሮጀር ሃውኪንስ ለታይታ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ወደ መሐል ላይ ግን የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎን ሲገባ ዘፈኑ ከመነሻ ቁልፉ ርቆ ይሄዳል። ኦቲስ ዘንድ ይህ ክፍል አልነበረም፤ ኮርዶቹ የተወሰዱት ከሳምና ዴቭ አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ነው። መጋጠሚያው ይሰማል፣ ይሰማ! አሪታ ስትመለስ ድምፅዋ እንደ አዲስ የሚመታን በዚሁ ነው። ቀጥሎ ባንዱ ቆም ይልላትና ርዕሱን ፊደል በፊደል ትቆጥረዋለች፤ ይህም የእሷ ጭማሪ ነው። ሁሉ ነገር ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላም።

ኦቲስ ራሱ በዚያው ዓመት በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ አንዲት ልጅ ዘፈኑን እንደወሰደችበት እየቀለደ ተናግሯል። መውሰድ ማለት እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ባንዶችም የአሜሪካ ሶልን የትንፋሽ መሣሪያ አጨዋወት ወስደው በእኛው ቅኝቶች ላይ አውለውታል፤ ዓለማየሁ እሸቴን በጄምስ ብራውን ቅጂነት ብቻ የሚያልፍ ሰው ጆሮውን እጠረጥራለሁ።

ከአሪታ በኋላ የመጡት ዘፋኞች የተከተሉት የኦቲስን ሳይሆን የእሷን ቅጂ ነው። በውድድር መድረክ ላይ አንዱን ቀለም አሥር ቦታ የሚሰብሩት ሁሉ ከእሷ የተማሩ ይመስላቸዋል። እሷ ግን እዚህ ዘፈን ላይ ማስዋቡን ቆጥባዋለች፤ ቃሉን አጭር አድርጋ ትመታውና ታልፋለች። ስለዚህ ማንም «ሪስፔክት»ን ሲዘፍን መጀመሪያ የምፈልገው ከእሷ ቅጂ ምን እንደቀነሰ ነው። አብዛኞቹ ምንም አይቀንሱም፤ ጩኸት ይጨምራሉ።