በ«ተዳሩ» እና በ«ታመሙ» መካከል፦ በእናቶቻችን ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ

ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወረቀት ያነባል። ሙሾን እንደ ግጥም አንሥተን ብዙ ተወያይተናል። ይህን «አጭር የሕይወት ታሪክ» ግን እንደ ድርሰት ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ሰምተን እናልፈዋለን። ከተማ ውስጥ አስለቃሽ እየጠፋች ስትሄድ ሟችን የማስታወሱ ሥልጣን ወደ ወረቀቱ ተዛውሯል፤ ስለዚህ ሊሔስ ይገባዋል። በተለይም አንድ ዓይነት ሰው ላይ ሲደርስ ይሰንፋልና፦ ዘጠና ዓመት ኖራ፣ ደመወዝ ሳትቀበል ቤት ስታቆም ባረፈች እናት ላይ።

ቅርጹን ማንም በቃሉ ይወጣዋል። ተወለዱ፤ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በወግ በማዕረግ ተዳሩ፤ ልጆች አፈሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። ጥፋቱ በ«ተ» የሚጀምሩት ግሦች ብዛት ነው ብዬ አንድ ሰሞን እከራከር ነበር። ተሳስቻለሁ። የባልየውም ወረቀት «ተማሩ፣ ተቀጠሩ፣ ተሾሙ፣ ተሸለሙ» ይላል። ልዩነቱ የእሱ ግስ ሁሉ ዓመተ ምሕረትና መሥሪያ ቤት አስከትሎ መምጣቱ ነው። እሷ ዘንድ ከ«ተዳሩ» ቀጥሎ ስልሳ ዓመት ተዘልሎ «ታመሙ» ይመጣል። መካከሉን የሚሸፍነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልጆቻቸውን በመልካም ሥነ ምግባር ኮትኩተው አሳደጉ ይላል። መኮትኮት የጓሮ ሥራ ነው። በወረቀቱ ሁሉ እጅ የሚያቆሽሽ ግስ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም የገባው ለዘይቤ ነው።

እኔ እንደማየው ወረቀቱ የሚያነክሰው የግሱ ጊዜ ላይ ነው። አንዴ ተፈጽሞ ያለቀ ነገር እንጂ ሌላ መጻፍ አያውቅም። የቤት ሥራ ደግሞ ተፈጽሞ አያልቅም። ሊጡ ይቦካል፤ አብሲቱ ይጣላል፤ ምጣዱ ይታሰሳል፤ ከላይ የተጠለለው እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል። በሦስት ቀን አንዴ የጋገረች ሴት በ60 ዓመት ውስጥ 7,300 ጊዜ ምጣድ ፊት ተቀምጣለች። ይህ በየትኛው ዓመተ ምሕረት ሥር ይገባል? አማርኛ ግን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላጣም። «ክረምት ሳይገባ በርበሬዋን ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ደልዛ፣ አድርቃ፣ አምሳ፣ አስፈጭታ ታስቀምጥ ነበር» የሚለውን ተመልከቱ። «ታስቀምጥ ነበር» አምናንም ካቻምናንም አብሮ ይይዛል። ከፊቱ የተሰለፉት ስድስት ቦዝ አንቀጾች ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተል ሳያዛንፉ ይቆጥራሉ፤ አንዱ ከቦታው ቢነሣ የሰማች ባለሙያ ወዲያው ታርማለች። የመኖሪያ ቤትን ሕይወት ለመተረክ ከዚህ የተሻለ የሰዋስው ስጦታ አላውቅም። በቀብር ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

«ባለሙያ» አልኩ። ቃሉ ራሱ የሚያሳዝን ታሪክ አለው። ሴት «ባለሙያ ናት» ሲባል ወጧ፣ ጠላዋ፣ ፈትሏ ተመስክሮለት ነበር። ዛሬ «ባለሙያ» ቢሮ ያለው ሰው ነው። ወረቀቱ ልጆቹን ሲዘረዝር አንዱን የሕግ፣ ሌላይቱን የጤና ባለሙያ ይላቸዋል፤ የቃሉ የቀድሞ ባለቤት የሆነችውን እናት «የቤት እመቤት» ብሎ ያልፋታል።

ነገሩ ሥር አለው። በጽሑፍ ባህላችን የሴት ሕይወት ገድል ሆኖ የሚጻፈው ከቤት ስትወጣ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ገድሏ የተጻፈላት ባሏን ትታ መንና፣ በሱስንዮስ ዘመን ለሃይማኖቷ ስለቆመች ነው፤ የተጻፈውም ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ክርስቶስ ሠምራም ባልና ልጆች ነበሯት፤ ገድሏ የሚሰፋው እነሱን ትታ ደብረ ሊባኖስ ከገባችና ኋላም ጣና ላይ ከተቀመጠች ወዲህ ነው። ቤቷን ሳትለቅ ለኖረች ሴት የተበጀ ቅርጽ አልነበረም። የቀብሩ ወረቀት ያንን ክፍተት እንደ መሙላት የመሥሪያ ቤት ማኅደር ቅርጽ ተዋሰ።

«ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ» የሚለውን ደግሞ በዝምታ ማለፍ አልችልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 አድርጎ ነበር፤ 18 ያደረገው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በ1920ዎቹ የተወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ቀድማ ተድራለች። የበኩር ልጇን የልደት ዓመት ከእሷ ዓመት ጋር ያስተያየ ሰው በአንዳንዱ ወረቀት ላይ ልጅ ሆና ልጅ የታቀፈች ሙሽራ ያገኛል። እዚህ ላይ ወረቀቱ ሰነፍ ብቻ አይደለም፤ ይዋሻል።

ሙሾው ይሻላል ልል ነው? በከፊል። ሙሾ ሟቿን «አንቺ» ብሎ ይጠራታል፤ «እሳቸው» የማይደርስበት ቅርበት አለው። ሆኖም እሱም ብዙ ጊዜ የሚያወድሳት በወንድሟ ጀግንነትና በልጇ ሹመት በኩል ነው። የተሟላው ትውስታ ያለው ከድንኳኑ ጓሮ ነው፤ ሽንኩርት በሚልጡት፣ ንፍሮ በሚቀቅሉት ሴቶች ወሬ ውስጥ። የእነሱ አማርኛ ሁሉ «ታደርግ ነበር» ነው፤ በሽታዋን ሳይሆን እጇን ያወሳሉ፤ ክፉ ጠባይዋንም አይሰውሩም።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የእናቴን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከላይ የነቀፍኩት ሁሉ አለበት፤ «ኮትኩተው» ሳይቀር። ጥሩ የጻፍኩም መስሎኝ ነበር። በሠልስቱ አንዲት የሰፈር እናት ጓሮ ውስጥ አገኙኝና፣ «ደኅና አንብበሃል ልጄ፤ ብቻ በርበሬዋን ሳታነሣ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ የረሳሁት መስሏቸው ነው። ከዚያ ሦስት ሴቶች እየተቀባበሉ፣ ከኔ ወረቀት በሚረዝም ጊዜ፣ ደልዛ ያሰጣችውን በርበሬ ዝናብ ሲመጣ እንዴት በነጠላዋ ጠቅልላ እንደምትሮጥ፣ ለየትኛዋ ጎረቤት ስንት ጣሳ ትልክ እንደነበር፣ ከማን ጋር በዚሁ ተኳርፋ እንደነበር አወሩ። እኔ ከዚያ ውስጥ አንዱንም አልጻፍኩም ነበር።

የአርባዋ ወጥ የተሠራው በራሷ በርበሬ ነው። ተርፎም ለሙት ዓመቷ ደርሷል።