የቃል ኪዳን ቤተሰብና የተማሪው ኑሮ፤ በጎንደር ልምድ ላይ የቀረበ ሂስ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሕይወት በመማሪያ ክፍልና በፈተና ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሲታመም የሚጠይቀው፣ በዓል ሲደርስ የሚጠራው፣ ሲከፋው የሚያጽናናው ሰው መኖር አለመኖሩ በትምህርቱ ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው ከትውልድ ቀየው ርቆ፣ ቋንቋውንና ልማዱን ወደማያውቀው ከተማ ሊመደብ ስለሚችል፣ ጉዳዩ በመምህራንም ሆነ በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ትኩረት ያሻዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2010ዎቹ ዓመታት የጀመረው «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የተሰኘው አሠራር ለዚሁ ችግር የተሰጠ መልስ በመሆኑ ጥንካሬውም ጉድለቱም ሊመረመር ይገባል።

በአሠራሩ መሠረት ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ከአንድ የከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ይተዋወቃል፤ ቤተሰቡም ተማሪውን እንደ ልጁ ሊያይ ቃል ይገባል። መኝታውና ቀለቡ በግቢው ውስጥ እንዳለ ሆኖ፣ ከግቢው ውጭ ደግሞ የሚያንኳኳው በር ያገኛል ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት መጥፋቱና ብዙዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው መመለሳቸው ሲታወስ፣ የአሠራሩ ፋይዳ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በልዩ ልዩ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ወላጆቹ ዘንድ መድረስ ለማይችል ተማሪ፣ በከተማው ውስጥ አንድ የሚያውቀው እናት ወይም አባት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ የአሠራሩ ዋነኛ ጥንካሬ ነው።

ይሁን እንጂ ሂሱ የሚነሣው ከስሙ ነው። ቃል ኪዳን በኅብረተሰቡ ልማድ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ነው። ጡት አባት ለጡት ልጁ ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፣ ጡት ልጅም ለአባቱ የሚፈጽመው ግዴታ አለበት። በአሁኑ አሠራር ጎልቶ የሚታየው ግን ቤተሰቡ የሚሰጠው ነው፤ ተማሪው በምላሹ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ አልተመለከተም። ሰጪው ሁልጊዜ ሰጪ፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ፣ ተማሪው የበዓል እንግዳ እንጂ የቤት ልጅ አይሆንም።

ጎንደር በዚህ ረገድ ከራሷ ታሪክ የምትማረው አላት። በቅድሚያ የሚጠቀሰው የቆሎ ተማሪው ነው። አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በአታ የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ እየለመነ ይማር ነበር። ቁራሽ የሰጠችው እናት ግን ምጽዋት ብቻ አልሰጠችም፤ ተማሪው ነገ ደብተራ ወይም መሪጌታ ሆኖ ኅብረተሰቡን እንደሚያገለግል ታውቃለች። በእርግጥ የቆሎ ተማሪው ኑሮ ረኀብና በሽታ የበዛበት ስለነበረ ይመለስ የሚባል አይደለም። ትምህርቱ የሚገኘው፣ የሚያበላውና የሚማረው በግልጽ በታወቀ ዓላማ መተሳሰራቸው ላይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዩኒቨርሲቲው ይበልጥ የቀረበ ነው። ዩኒቨርሲቲው መሠረቱ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲሆን፣ ለመከፈቱ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ በደምቢያ ሜዳ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አደራጅቶ እንደ ቆላድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ አብረው እየኖሩ በሽተኛ ያክማሉ፤ የውኃ ምንጭና መጸዳጃ ይመረምራሉ፤ እናቶችን ያስተምራሉ። የአንዱ ሙያ ያለ ሌላው ጎዶሎ መሆኑን የተረዱት በሥራ ላይ ነው። ከየት መጣህ የሚለውን ጥያቄ ምን ልትሠራ መጣህ የሚለው ቀደመው። ይህ የቡድን ሥልጠና ለጤና ተማሪዎች እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ይሁንና በ1996 ዓ.ም. ተቋሙ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ የትምህርት መስኮቹ በዝተዋል። ሕግ፣ ግብርና፣ ንግድ ሥራና ቋንቋ የሚማረው ወጣት ከሕዝቡ ጋር በሥራ የሚገናኝበት መንገድ እንደ ጤናው ሥር አልሰደደም። የጅማው የጤና ሳይንስ ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት መርሑ አድርጎ መነሣቱ፣ ይህ ልምድ ወደ ሌሎች መስኮች ሊሰፋ እንደሚችል ያመለክታል።

ስለሆነም የቃል ኪዳን ቤተሰብ አሠራር ሊጠናከር የሚችለው ከሥራ ጋር ሲተሳሰር ነው። የሒሳብ ተማሪ የቤተሰቡን ልጆችና የጎረቤት ልጆችን ማታ ማታ ቢያስጠና፣ የሕግ ተማሪ አረጋውያን አቤቱታቸውን እንዲያዘጋጁ ቢረዳ፣ የግብርና ተማሪ በጓሮ አትክልት ቢያግዝ፣ ቃል ኪዳኑ የሁለት ወገን ይሆናል። ይህም ሲደረግ ተማሪው የቤት አገልጋይ እንዳይሆን፣ ቤተሰቡም ከዐቅሙ በላይ ወጪ እንዳይሸከም፣ የተማሪው ሃይማኖትና ጾምም እንዲከበር ወሰኑ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ኃላፊነቱም በቤተሰቡ ላይ ብቻ መጣል የለበትም፤ የተማሪው ደኅንነትና ቀለብ የመንግሥትና የተቋሙ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል።

ዕቅድ አውጪዎች አሠራሩን ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከማስፋፋታቸው በፊት መለኪያቸውን ሊያስተካክሉ ይገባል። በአንድ የትውውቅ ሥነ ሥርዓት ላይ ስንት ቤተሰብ ቃል ገባ የሚለው ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ያሳያል። የተሻለው ጥያቄ፣ በሦስተኛው ዓመት ስንቶቹ አሁንም ይጠያየቃሉ የሚለው ነው። ቃል ኪዳን የሚፈተነው በተገባበት ዕለት ሳይሆን በቆየበት ዘመን ነውና።