ትምህርት ለእንጀራ ብቻ ነውን?



አንድ መንግሥት ለትምህርት ምን ግምት እንደሚሰጥ ለማወቅ፣ ስለ ተማሪ ሲናገር የሚመርጣቸውን ቃላት ማድመጥ ይበቃል። «የሰው ኃይል»፣ «ግብዓት»፣ «የገበያ ፍላጎት» የሚሉት ከበዙ፣ ልጁ ተረስቶ ፋብሪካው ታስቧል ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የግለሰቡን አካላዊና አእምሮአዊ ችሎታ ማጎልበትን ከዓላማዎቹ ቆጥሮት ነበር። ከ2001 ዓ.ም ወዲህ ግን ሚዛኑ አደላ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ 100 ተማሪዎች 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ ተባለ። አገር መሐንዲስና ሐኪም እንደሚያስፈልጋት አንክድም። ሆኖም ክፍፍሉ የተሰላው ከልማት ዕቅዱ እንጂ ከልጁ ዝንባሌ አልነበረም።

ውጤቱስ? በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደርጎ ኩረጃ መገታቱ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ከ100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ወላጅ ይኖራልን? አዝመራው የከሳበት ገበሬ ዘሩን ብቻ አይወቅስም፤ መሬቱንና ዝናሙንም ይመረምራል።

እስቲ መሬቱን እንመርምር። የምዕራብ ጎጃም የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ይወጣል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። በገበያ ቀን የተላከለት እንጀራ ሳምንቱ ሳያልቅ ይሻግታል፤ ድርቆሽና በሶ ይተኩታል። ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢከፋው የሚያጽናናው የለም። ለሴት ልጅ ደግሞ ስጋቱ እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ የምንመዝነው እውቀቱን ብቻ ነውን?

ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም ተመርቋል፤ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎችም ተከፍተዋል። መልካም ነው። ሐላል እንጀራ ክብር ነው፤ ሥራ የሌለው ወጣት ያለበትን ቤት ጭንቀትም እናውቀዋለን። ነገር ግን ልጅ በኩንታል ተመዝኖ ለፋብሪካ የሚቀርብ አኩሪ አተር አይደለም። ደግሞም የተራበና የደነገጠ ልጅ ለፋብሪካውም አይበጅም። ስለዚህ በኢኮኖሚው ሚዛን እንኳ ቢታይ ይህ መንገድ ኪሳራ ነው።

አባቶቻችን ይህን አልሳቱትም። ደረሳ ለቂርአት ሲመጣ የአካባቢው ሰው ምግቡን ይችል ነበር። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ለቆሎ ተማሪ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ረሃቡም አለንጋውም አልነበረም አንልም። ነገር ግን ተማሪን ማብላት የሁሉም ግዴታ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም ነበር። ዛሬም የሚቻል መሆኑ ታይቷል፤ አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቿን ትመግባለች። የተራበ ልጅ አይማርም የሚለው እውነት ግን ለአዲስ አበባ ብቻ የተነገረ አይደለም።

እንግዲህ ባለሥልጣኖች ስንት ልጅ እንዳለፈ ሲቆጥሩ ስንቱ በልቶ እንደተማረ፣ ስንቱ የሚያማክረው ሰው እንዳገኘም ይቁጠሩ። እኛ ወላጆችስ? ልጅ ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ከተማ የሚማረው ልጃችን ለእረፍት ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብለን እንጠይቀው። ይህ ጥያቄ በጀት አይፈልግም።

ወላሁ አዕለም።