ምጽዋቱ ለማን ነው?

በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ የምህንድስና ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ድርጅቶች ይልካል። ጥሩ ነው። ግን ከግቢ ሲወጡ ኪራይ አለ፣ ምሳ አለ፣ ታክሲ አለ። አንኮበር ያለ ገበሬ ስንት ቁና ገብስ ሸጦ ይችለዋል?

ደጋግ ሰዎች «እኛ አዋጥተን እንሸፍን» ይላሉ። እሰየው! እኔም አዋጥቻለሁ። ነገር ግን ልጁ ሲያጸዳና ሲሸከም ውሎ ምሳውን የምናበላው እኛ ከሆንን፣ የተመጸወተው ማነው? ተማሪው ወይስ ባለድርጅቱ?

መዋጮው ይቅር አልልም፤ ቢቀር የሚጎዳው ያው የገበሬው ልጅ ነው፤ ከተማ ዘመድ ያለውማ መች ይቸገራል! ግን ከብሩ ጋር ሁለት ጥያቄ እንላክ፦ ልጁን ሥራውን የሚያሳየው ማነው? ድርጅቱስ ቢያንስ ምሳውን ይችላል? መልስ ከጠፋ፣ የደገፍነው ተማሪ ሳይሆን የነጻ ጉልበት ነው።