«አጥፍተህ አብራው» ምክር ነው ወይስ ማምለጫ?

የቤታችሁ ራውተር ፈርምዌሩን ካደሰ በኋላ ዋይፋዩ መቆራረጥ ጀመረ እንበል። ቪዲዮው መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ ስልኩ ኔትወርኩን ይለቅና መልሶ ይይዛል። ማንንም ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው፦ «አጥፍተህ አብራው»። ካልሰራስ? «ድሮስ ማን አፕዴት አድርግ አለህ!» እስቲ ሁለቱንም ምክሮች እንመዝናቸው።

ራውተር ማለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፣ ሜሞሪ አለው፣ ሬዲዮም አለው። እነዚህን የሚያዘው ዕቃው ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር ፈርምዌር ይባላል። ሬዲዮው በየትኛው ቻናል፣ በምን ያህል ስፋት፣ በምን ዓይነት የደህንነት ዘዴ እንደሚሰራ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ስለዚህ ሲታደስ፣ እናንተ ምንም ሳትነኩ ሴቲንጉ ሊቀየር ይችላል።

ማጥፋትና ማብራት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጊዜያዊ ሜሞሪው ይጸዳል፣ የተንቀረፈፈው ፕሮግራም እንደ አዲስ ይነሳል። የተቀየረው ሴቲንግ ግን መብራት ቢጠፋም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ስለተጻፈ ባለበት ይቀጥላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ቪፒኤንፊልተር የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ወደ 500,000 የሚገመቱ ራውተሮችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ ሲገኝ፣ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ መክሮ ነበር። ያ ከፊሉን ጠራርጎ ያወጣል፤ ሥር የሰደደው የመጀመሪያ ክፍል ግን ራውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል።

«አትንካው» የሚለውስ? ይሄኛው ይብሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. ቤልጂየማዊው ተመራማሪ ማቲ ቫንሆፍ አብዛኛው ዋይፋይ ይጠበቅበት በነበረው ደብሊውፒኤ2 ላይ ክራክ የተባለውን ክፍተት ይፋ አደረገ። የይለፍ ቃል መቀየር ምንም አልፈየደም፤ መድኃኒቱ የስልኮቹንና የራውተሮቹን ሶፍትዌር ማደስ ነበር። እድሳትን የሚፈራ ሰው በሩን ክፍት ትቶ ይተኛል።

ታዲያ ደህና ምክር ምን ይመስላል? ችግሩን ይከፋፍላል። መጀመሪያ ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በኬብልም ከተቆራረጠ ጥፋቱ የዋይፋዩ ብቻ አይደለም፤ ራውተሩን ራሱን ወይም ከውጭ የሚገባውን መስመር ጠርጥሩ። በኬብል ደህና ከሆነ ወደ ሬዲዮው እንሂድ።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ የተራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ነው፤ አንድ ስርጭት ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሰሩት እንደ 1፣ 6 እና 11 ያሉት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው። እድሳቱ ስፋቱን ወደ 40 ከፍ ካደረገው፣ በየግድግዳው ማዶ ራውተር ባለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከጎረቤት ጋር መጋፋት አይቀርም። ወደ 20 መልሱትና እዩት።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ አንዳንድ ቻናሎች የራዳርም ናቸው። ራውተሩ የራዳር ምልክት ከሰማ ቻናሉን መልቀቅ ግዴታው ነው፤ ወደ ሌላ የራዳር ቻናል ለመግባትም ቢያንስ 60 ሰከንድ ማዳመጥ አለበት። ኔትወርኩ ድንገት ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ የሚመለስ ከሆነ ይህን አስቡ። በብዙ አገሮች ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ይህ ግዴታ የለባቸውም። የሚቸገረው አንድ የቆየ ስልክ ብቻ ከሆነስ? የደህንነቱ ዘዴ ወደ ደብሊውፒኤ3 ተቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አንድ ቀን ተመልከቱ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሦስቱን ባንዴ ነካክታችሁ ቢሰራላችሁ የትኛው እንደፈወሰው በምን ታውቃላችሁ?

ትልቁ ወቀሳዬ ግን ለአምራቾቹ ነው። ብዙ ጊዜ ከእድሳቱ ጋር የሚመጣው ማስታወሻ መረጋጋት ተሻሽሏል፣ ስህተቶች ታርመዋል ብሎ ያበቃል። የቱ ስህተት? የትኛው ሴቲንግ ተቀየረ? ስሙን ሳይነግሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። እነሱ እስኪናገሩ ድረስ እናንተ መዝግቡ፦ ከሚቀጥለው እድሳት በፊት የራውተሩን የሴቲንግ ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሲቆራረጥ የምታነጻጽሩበት ነገር በእጃችሁ ይኖራል።