የቢሾፍቱ ማዕድና የሽምብራው ዓሣ

ተውኔት በመድረክ ሲታይ፣ ግጥም በጉባኤ ሲነበብ፣ ሥዕል በአዳራሽ ሲሰቀል ሐያሲ ይቀርብለታል። በየዕለቱ በፊታችን የሚዘረጋው ማዕድ ግን «ጣፈጠ» ወይም «ጨው በዛበት» ከመባል አልፎ ይዘቱና ቅርጹ ምን እንደ ሆነ፣ ማን ለማን እንዳሰናዳው፣ ከየትኛው አፈር እንደ መጣ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ምግብ የአንድ ኅብረተሰብ የአመራረት ሁኔታ፣ የእምነቱና የታሪኩ ነጸብራቅ ነው ከተባለ ዘንድ፣ ከሌላው የባህል ዘርፍ ተለይቶ ከሂስ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም። በዚህ መነሻ ይህ ጸሐፊ የቢሾፍቱን ከተማ ለሁለት ቀናት በእግሩ ተዘዋውሮ፣ ከሐይቅ ዳር አዳራሾች እስከ ሰፈር ሽሮ ቤቶች ድረስ የቀረበለትን ቀምሶ፣ ያልቀረበለትንም ጠይቆ የተገነዘበውን ለአንባቢ ያካፍላል።

ጉዞው በእግር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፣ የረርና ዝቋላ ከሩቅ እንደ ዘበኛ ቆመው በሚያዩት ሜዳ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የተባሉት ሐይቆቿ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቦረቦራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ስለ ሆኑ ውኃው ከከተማው ወለል እጅግ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሐይቅ መኖሩን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ውኃውን ለማየት ከጉድጓዱ ጠርዝ ድረስ መሄድ ግድ ነው። እግረኛው ከጠርዙ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የግንብ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ መዝናኛ አለ፤ መዝናኛው ውስጥ በረንዳ አለ፤ በረንዳው ላይ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ምግብ ማዘዝ ያስፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ምግቡ የመግቢያ ትኬት ሆኗል ማለት ነው። ትኬት የሆነ ምግብ ደግሞ ስለ ጣዕሙ ብዙ አይጨነቅም፤ የተሸጠው እይታው ነውና።

የከተማዋን ማዕድ ለመረዳት የመንገዶቿን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። የጅቡቲና የአዲስ አበባ የባቡር ሐዲድ በዚህ በኩል አለፈ፤ የአዳማው አውራ ጎዳናም ከተማዋን ሰንጥቆ ሲዘረጋ ምግብ ቤቶች በግራና በቀኝ ተደረደሩ። እነዚህ ቤቶች የሚያስተናግዱት መንገደኛውን፣ የጭነት መኪና ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ የአየር ኃይሉን ሠራተኛ ነበር። ሾፌር ጊዜ የለውም፤ ይሁን እንጂ በየቀኑ ስለሚመላለስ ዛሬ የተበላሸ ወጥ ያቀረበለትን ቤት ነገ አይረግጠውም። በመሆኑም የጎዳናው ምግብ ፈጣን፣ ርካሽና ታማኝ መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ሲመረቅ ግን ተላላፊው መንገደኛ በአብዛኛው ከተማዋን ወደ ጎን ትቷት መብረር ጀመረ። በእርሱ ቦታ የተተካው ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎብኚ ነው። ጎብኚ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ምግቡ ባይጥመው እንኳ ፎቶግራፉን ይዞ ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ አብሳዩንና ተመጋቢውን ያስተሳስር የነበረው የዕለት ተዕለት ቁጥጥር ላልቷል። በሐይቅ ዳር የሚታየው ድክመት ከአብሳዮቹ ችሎታ ማነስ የመነጨ ነው የሚል ካለ ይህን ነባራዊ ሁኔታ ልብ አላለም። እንዲያውም ይህ ጸሐፊ ባያቸው ማእድ ቤቶች ወጣቶቹ አብሳዮች ንጹሖችና ትጉሃን ናቸው።

አሁን ወደ ምግብ ዝርዝሩ እንለፍ። በሐይቅ ዳር ከተመለከትኳቸው ዝርዝሮች አብዛኞቹ የሚከፈቱት በፓስታና በበርገር ነው፤ ወደ መጨረሻው ገጽ አካባቢ «ባህላዊ ምግብ» የሚል ርእስ ይመጣል። በሥሩም ሽሮ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ በያይነቱ ተዘርዝረዋል። ለመሆኑ በአዳ መሬት ላይ፣ በጤፍና በሽምብራ ማሳ መካከል ሽሮ «ባህላዊ» ከተባለ የቀረው ምንድን ነው? አንድ ሕዝብ በየቀኑ የሚበላው ነገር የተለየ ገጽና የተለየ ርእስ ሲሰጠው፣ ለሙዚየም ዕቃ እንደሚሰጠው መግለጫ ወረቀት ነው። አቀራረቡም ይህንኑ ይመሰክራል። ሽሮው በትንሽ ሸክላ ድስት እየፈላ መምጣቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ያየሁት መሶብ ክዳኑ የተሰፋና የማይከፈት ነበር፤ ለጌጥ የቆመ መሶብ።

በዚያው ስፍራ ዓሣ አዘዝኩ። ሐይቁ ከፊቴ ተዘርግቷልና ከየት እንደሚመጣ አስተናጋጁን ጠየቅሁት።

«ከዝዋይ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።»

«የዚህኛው ሐይቅስ?»

«የዚህኛው ለማየት ነው።»

ልጁ ሊቀልድ አልፈለገም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እነዚህ የጉድጓድ ሐይቆች ትንንሾች፣ መውጫ የሌላቸው፣ በዝናብና በከርሰ ምድር ውኃ የሚኖሩ ስለ ሆኑ ለዚህ ሁሉ መዝናኛ የሚበቃ ዓሣ ይሰጣሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ጥፋቱ ዓሣው ከሌላ ሐይቅ መምጣቱ ላይ አይደለም። ጥፋቱ ከውኃው ፊት ስለ ተቀመጡ ብቻ ዓሣ መቅረብ አለበት የሚለው የተውሶ አስተሳሰብ ላይ ነው። የዚህ አገር ሀብት ከጠርዙ በላይ፣ በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ነውና።

ስለ አፈሩ ጥቂት ልበል። የአዳ ጤፍ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። በዚህችው ከተማ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጤፍ ላይ ሲደክም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ ምርቱ ከፍ ያለውን «ዱከም»ን ፍሬው ነጭ ከሆነው «ማኛ» ጋር በማዳቀል የተገኘ ነው። ይህ ለእኔ ከአንድ የግጥም መድበል መውጣት የማያንስ የባህል ክስተት ነው። ማኛው መልክ ነበረው፣ ምርት ግን አልነበረውም፤ ዱከም ምርት ነበረው፣ ገበያው የሚፈልገው ንጣት ግን አልነበረውም። የነጭ እንጀራ ፍቅራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ለማወቅ ይህን የማዳቀል ሥራ ማየት ይበቃል። (ቀይ ጤፍ የድሃ ነው ሲባል ኖሮ ዛሬ «ለጤና ይበጃል» እየተባለ መፈለጉ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይሻል።) ታዲያ በዚህች የጤፍ መዲና በሐይቅ ዳር የቀረበልኝ እንጀራ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን፣ ከገበያው በስተ ጀርባ በአንዲት ጠባብ ቤት የቀረበልኝ ግን ዓይኑ የበዛ፣ ከምጣድ ከወጣ ብዙ ያልቆየ ነበር። ይሁን እንጂ የጠባቧ ቤት ባለቤት ጤፉን ብቻውን መጋገር እንደ ከበዳት፣ አልፎ አልፎ በቆሎ ወይም ሩዝ እንደምትቀላቅል አልደበቀችኝም። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ይህ በብዙ ከተሞቻችን የታወቀ ሆኗል። በአዳ ማሳ መካከል መሆኑ ግን ሊያሳስበን ይገባል። እህሉ ወደ ዋና ከተማው ሲጫን፣ ያበቀለችው ከተማ በቅልቅሉ ትኖራለች።

የዚህን ጉብኝት ዋጋ የሰጠኝ ሽምብራው ነው። ሽምብራ በዚህ አካባቢ ክረምቱ ሲወጣ፣ መረሬው አፈር በያዘው ቀሪ እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ዝናብ ሳይለምን ያድጋል። ከዚህ እህል ሴቶቻችን ከፈጠሯቸው ነገሮች ሁሉ የሚልቀው በእኔ አስተያየት የሽምብራ ዓሣ ነው። ዱቄቱ በዘይትና በቅመም ጠንከር ብሎ ይታሻል፤ ከዚያ በዓሣ አምሳል ይቀረጻል፤ በቢላዋ ጫፍ ዓይኑና ቅርፊቱ ይሠራል፤ በዘይት ይጠበሳል፤ በመጨረሻም በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ የጾም ቁሌት ውስጥ ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በካህናትና በምእመናን ዘንድ ሲንከባለል ሳለ፣ የማእድ ቤት ሴቶች ከክርክሩ ወጥተው ዓሣን ከእህል ሠሩ። ቅርጹ ይዘቱን እያስታወሰ የሚክድበት እንዲህ ያለ ሥራ በተውኔት ቢሆን ስንት ሐያሲ በጻፈበት ነበር!

ሐይቅና ሽምብራ ጎን ለጎን በሚገኙባት ከተማ ይህ ምግብ የከተማዋ መታወቂያ ሊሆን ይገባው ነበር ብዬ በገባሁበት ሁሉ ጠየቅሁ። ከሐይቅ ዳር ቤቶች በአንዱም የለም፤ አንድ የምግብ ኃላፊ ስሙን ሰምቶት እንደማያውቅ በትሕትና ነገረኝ። ዓርብ ዕለት ከአውራ ጎዳናው ወደ ውስጥ ገባ ባለች አንዲት የጾም ምግብ ቤት ግን ባለቤቲቱ እናት «በዐቢይ ጾም ነው የምንሠራው፣ ልጄ፤ አሁን ማን ይጠይቀናል? ልጆቹ ሥራው ብዙ ነው ይላሉ» አሉኝ። ከነገ ወዲያ ብመለስ ይሠሩልኝ እንደ ሆነ ብለምናቸው ጥቂት አሰቡና፣ ለዚያው ዕለት ማታ እንድመጣ ነገሩኝ። የሠሩት ዓሣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጅራቱ በእሳት ትንሽ የጠቆረ፣ ውስጡ የሚፈረፈር ነበር። ቁሌቱ በትዕግሥት የበሰለ በመሆኑ ሽንኩርቱ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ጨው ትንሽ አንሶታል፤ ይህን ለእርሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ፣ ተስማምተዋል። በሁለቱ ቀናት ከበላሁት ሁሉ አሰናጁ አስቦ የሠራው መሆኑ ያለ ጥርጥር የታወቀኝ እርሱ ብቻ ነው።

ስለ ሥጋና ስለ ዶሮ በአጭሩ እናገራለሁ። ጥሬ ሥጋው መልካም ነው፤ ከሌላው ከተማ ጥሬ ሥጋ ግን የሚለየው ነገር አላገኘሁበትም። ዶሮው ግን ይለያል። ቢሾፍቱ በአገራችን የዘመናዊ ዶሮ እርባታ ከተስፋፋባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዷ ናትና በብዙ ቤት የሚቀርበው የፈረንጅ ዶሮ ነው። የሐበሻ ዶሮ በቁሌት ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆይቶ ዐሥራ ሁለቱን ብልት እንደ ያዘ ይወጣል፤ የፈረንጁ ዶሮ በዚያ ሁሉ ሰዓት ይበተናል። ስለዚህ ወይ ወጡ ሳይበስል ይወርዳል፣ ወይ ብልቱ ይጠፋል። ለዚህ ሥጋ የሚስማማ አዲስ አሠራር መፈለግ ሲገባ፣ የጥንቱን ስም ለጥፎ ማቅረብ ለሁለቱም ዶሮዎች በደል ነው።

በአንዱ መዝናኛ ማታ ላይ ከእራት ጋር ውዝዋዜ ይቀርባል። በሙያዬ ምክንያት ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። አራት ወጣቶች በግማሽ ሰዓት ውስጥ የስድስት ብሔረሰቦችን ልብስ ቀያይረው ጨፈሩ። ጉልበታቸው የሚደነቅ ነው። ታዳሚው ግን እያኘከ ነበር፤ ጭፈራው ከሙሾ ወደ ሠርግ፣ ከሠርግ ወደ አደን ሲዘል ያስተዋለ አልነበረም። ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነው። ቢሾፍቱ የሚለው ስም የኦሮምኛ ሲሆን ቢሻን፣ ማለትም ውኃ፣ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በሆራ አርሰዲ ዳር ኢሬቻን ለማክበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ሆራ ማለት ደግሞ ከብት የሚጠጣው ማዕድናዊ ውኃ ነው፤ በሌላ አነጋገር ወተቱና ቅቤው የሚጀምሩበት ቦታ። መድረኩ ላይ የኦሮሞ ጭፈራ ቀርቧል። በገበታው ላይ ግን ጭኮ የለም፤ በቅቤ የታሸው የገብስ በሶ በዝርዝሩ ላይ ስሙ እንኳ አልሰፈረም፤ የቡና ቀላም እንዲሁ። ሕዝቡን ለእግሩ ጋብዞ ምግቡን ከበር የመለሰ ዝግጅት ምን ዓይነት የባህል ዝግጅት እንደ ሆነ አዘጋጆቹ ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ጭኮውን ያገኘሁት በማግሥቱ ጧት በገበያው ዳር ነው። አንዲት ወይዘሮ በእንስራ መያዣ በሚመስል ትንሽ ቅርጫት፣ በቅጠል ሸፍነው ይሸጣሉ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጅ የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ደርድራለች። ከሁለቱም ገዝቼ ወደ ሆራ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ፤ እሸቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ሲያደርሰኝ ጭኮው ተርፎ ለመመለሻም ሆነኝ።