ከሰማይ የሚወርድ ፍርድ

ሰው አልባው አውሮፕላን፣ ድሮን የምንለው መሣሪያ፣ በአገራችን ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድ ክርክር በየስፍራው ይሰማል። ይኸውም «ታጣቂውን ለይቶ የሚመታ መሣሪያ ሕዝብን ያድናል እንጂ አይጎዳም» የሚል ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን አባባል ሳንንቅ እንመርምረው፤ የሚናገሩት ሁሉ ክፉዎች አይደሉምና።

እውነት አለበት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የትግራይ ተዋጊዎች እስከ ሸዋ ሮቢት አካባቢ በገፉ ጊዜ፣ በአውራ ጎዳና የሚጓዘው የጦር መኪና ከሰማይ መመታቱ ግስጋሴውን ለመግታት እንደ ረዳ የጦር አዋቂዎች ይናገራሉ። ልጁን ወደ ግንባር የላከ የሶሮ አባት በዚህ ደስ ቢለው ማን ይፈርድበታል?

ዳሩ ግን በአውራ ጎዳና ላይ የጦር መኪናን መምታት አንድ ነገር ነው፤ በመንደር ውስጥ ሰውን ከሰው መለየት ሌላ ነገር ነው። ክርክሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያቀርባል፤ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ገበሬ ጠመንጃውን አንግቶ ለቅሶ መድረሱ የቆየ ልማድ ነው፤ ታጣቂውም እንደ ገበሬው ጋቢ ይለብሳል። የእኛን ጊምቢቹን እንኳ ብናስብ፣ በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚጎርፈው ሕዝብ፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር የተቀመጠው እድርተኛ፣ ከዚያ ከፍታ ሲታይ ከጦር ጉባኤ በምን ይለያል? መሣሪያው መሰብሰባቸውን ያያል፤ ለምን እንደ ተሰበሰቡ አያይም።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በልደት በዓል፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት በተባለ ስፍራ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት የትምህርት ቤት ግቢ ተመታ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት ቢያንስ 59 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። መንግሥትና ፋኖ መዋጋት ከጀመሩ በኋላም፣ ይኸው ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል ስለ ደረሱ ሁለት ጥቃቶች ተናገረ፦ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት መምህራን ጨምሮ 7 ሰዎች፣ ከሦስት ቀን በኋላም በዋበር ከተማ መናኸሪያ አውቶቡስ ለመሳፈር ይጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች ሞቱ። መንግሥት በበኩሉ የሚመታው ታጣቂን እንጂ ሰላማዊ ሰውን እንዳልሆነ ተናግሯል።

እንግዲህ ማን ይመስክር? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር በካቡል አንድ መኪና መትቶ፣ ተገቢ ጥቃት ነበር አለ። በኋላ ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ቢመረምሩ፣ ፈንጂ ጫነ የተባለው ሰው የውሃ ጀሪካን የጫነ የርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ ጋር የሞቱት 9 ሲሆኑ 7ቱ ልጆች ነበሩ። ጦሩም ስሕተቱን አመነ፤ የተቀጣ ሰው ግን አልነበረም። መሣሪያው የረቀቀ ባለቤቱም ባለጸጋ ሆኖ ይህ ከሆነ፣ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት አገር ምን ይሆናል? ደደቢት በተመታ ጊዜ ትግራይ እንዲህ ነበረች፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ እኔ በመንደርና በከተማ ውስጥ ጉዳቱ ይበልጣል ባይ ነኝ። የታጣቂው አለቃ ቢሞት ምክትሉ ይተካል፤ መናኸሪያ ላይ ወንድሙ የሞተበት ግን ትናንት ጦርነቱን የማይወድ ቢሆን እንኳ ዛሬ ጫካ የሚገባበት ምክንያት አገኘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። (ታጣቂዎችም በሕዝብ መካከል ተሸሽገው ሕዝቡን ለእሳት ሲያጋልጡ ጥፋታቸው ቀላል አይደለም፤ የእነርሱ ጥፋት ግን የተኳሹን ዓይን አያጠራለትም።)

በአገራችን ሽምግልና የደም ነገር ሲታይ የሟች ወገን ይጠራል፤ ይሰማልም። «ለይቶ ይመታል» የሚለኝን ተከራካሪ እንግዲህ የምጠይቀው ስለ መሣሪያው ዋጋና ብልሃት አይደለም። በማግስቱ ወደ ዋበር ማን ሄደ? የእነዚያን 13 ተሳፋሪዎች ስም ማን ጻፈ? ቤተሰቦቻቸውስ በየትኛው ሸንጎ ፊት ቀርበው ተሰሙ?